በየትኛው በር?

ሐሙስ፣ መጋቢት 15 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ሞሃንዲሲን

ዛሬ ጠዋት ነፋሱ አቧራ አንሥቶ ከተማውን ስለሸፈነው ሰውም መኪናውም በሕልም እንደሚታይ ነገር ይንሳፈፍ ነበር። የአሠሪዬ የመዳም ልጅ ሳልማ የቃል ጽሕፈት ፈተና አለባትና ወደ ትምህርት ቤት ስወስዳት እጄን ይዛ ቃላቷን ታነበንባለች። እዚህ ዐረብ አገር ከአብዮቱ ወዲህ ትራፊክ ፖሊስ ስለሌለ ትልቁን መንገድ የተሻገርነው በእግዜር ቸርነት ነው።

ከተሻገርን በኋላ፣ “ኮምፒውተር ላይ ጓደኛ አገኘሁ፣ ያስሚን ትባላለች” አለችኝ። “ከትምህርት ቤት በየትኛው በር እንደምወጣ ጠየቀችኝ።”

“ነገርሻት?”

“በኋለኛው በር አልኳት። ለማማ እንዳትነግሪብኝ፣ ኮምፒውተሩን ትወስድብኛለች።”

ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ያቺ ያስሚን ልጅ ትሁን ጎልማሳ ወንድ ማን ያውቃል? ቀኑን ሙሉ መስኮት ስወለውል በመስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ያ በር ብቻ ነበር።

ደወሉ ከመደወሉ አንድ ሰዓት ቀድሜ ኋለኛው በር ሄጄ ቆምኩ። ኬክ ሻጩም፣ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ የሚያጨሰው ሰውም፣ ሁሉም ያስሚን መሰሉኝ። ማንም አልቀረበም። ሳልማ “አንድ ቃል ብቻ ሳትኩ!” እያለች ሮጣ መጥታ ወገቤን አቀፈችኝ።

ቤት ስንገባ የእቅፏ ሙቀት ሳይለቀኝ ለመዳም ነገርኳት። ፊቷ ነጣ። ኮምፒውተሩን ነቅላ መኝታ ቤቷ አስገባችና፣ “እሑድ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ” አለችኝ።

ሳልማ እራቷን ሳቀርብላት ቀና ብላ አላየችኝም። “ከእንግዲህ አንቺ ጓደኛዬ አይደለሽም” አለች ለሳህኑ።

ኸላስ፣ በቃ፣ ታኩርፍ። ብቻ ደኅና ሆና ዓይኔ እያያት ታኩርፍ።