ከሁለቱም ጫፍ ስለተከረከመው የእናቴ ምንጣፍ ቁጥር

ለክቡር የደሴቶች ጭነት ማመላለሻ ሥራ አስኪያጅ
ኑኩአሎፋ

ክቡር ሆይ፣ ከመላው ቤተሰብዎና በቅርቡ ካስገቡት አዲስ ኮምፒውተር ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የፓንጋይ ሰዎች መርከብዎ ያመጣችልንን እየተቀበልን፣ ያላመጣችልንን እየጠበቅን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

እኔ በዚሁ ከተማ ኮምፒውተር የማስተምር ሲሴሊያ ፊፊታ ነኝ። ባለፈው ሰሞን አክስቴ ቪካ ባሕር ማዶ ኔያፉ ላይ በሞት ስትለይ፣ እናቴ እህቷ ከታመመች ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ ለመገነዣዋ የጎነጎነችውን ስስ ምንጣፍ፣ እኛ ለቀብሩ ለሄድንባት ትንሽ አውሮፕላን ስለሚበዛ፣ ለመርከብዎ በአደራ ሰጠን፤ 0140 የሚል ቁጥርም ተለጠፈበት። ከዚያ በኋላ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለሙያዎችዎ ከቁጥሮች ፊት የሚደረደሩት ዜሮዎች ዓይን ያደክማሉ ብለው እንዲቆረጡ ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ኮምፒውተሩ የጭነት ቁጥርን የሚይዘው እንደ ጽሑፍ ስለሆነ፣ የማይፈለገውን ከጽሑፍ ጫፍ የሚከረክም ትእዛዝ አለ፤ ከግራ ብቻ የሚከረክም አለ፣ ከግራም ከቀኝም የሚከረክም አለ። እነርሱ ለጋሶች ናቸውና ሁለተኛውን መረጡ። 0140 ፊቱንም ኋላውንም ተላጭቶ 14 ሆነ። 0014 የሚል ሌላ ጭነትም እንዲሁ 14 ሆነ።

2. ያ ሌላው ጭነት አንድ የኒዋቶፑታፑ ደሴት አባት ለልጁ የመጀመሪያ ልደት ያስጫነው የአሳማ ግልገል ነበር። ስለዚህም ኔያፉ ወደብ ላይ በሐዘን ልብሳቸው መገነዣ ሲጠብቁ የነበሩት የአክስቴ ልጆች በሣጥን የሚጮህ አሳማ ተረከቡ፤ ምንጣፉ ወደ ልደቱ አለፈ። አሳማው ጤናማ ስለነበር ከልብ እናመሰግናለን።

3. ስልክ ስደውል ያነሳችው ሠራተኛዎ ወይዘሪት ሳሌሲ፣ «የኔ እህት፣ ኮምፒውተሩ 14ን አስረክቤያለሁ ይላል። እሱን ልመን ወይስ አንቺን? በይ አሳማሽን ይዘሽ ገላግይኝ!» በማለት በትሕትና አስረድታኛለች። አንዲት ቃል ብቻ በመቀየር ስህተቱ እንዴት እንደሚታረም ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብያለሁ።

4. ቀብር መርከብ አይጠብቅም። ቪካ በጎረቤት ምንጣፍ ተጠቅልላ ተቀበረች። በእኛ ዘንድ እህት እህቷን የምትሸኘው በእጇ ሥራ ነው፤ እናቴ ግን ሰው ሁሉ እያያት ባዶ እጇን መቃብሩ አጠገብ ቆመች፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ለጉንጎና አልተቀመጠችም። ለዚህኛው የምስጋና ቃል አጥቼለታለሁ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፣ እጅግ ተናድጃለሁ።

ለግራውም ለቀኙም እኩል ለሚያስበው ጽሕፈት ቤትዎ ዕድገትን፣ ለክቡርነትዎም ጤናና ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሲሴሊያ ፊፊታ
ከፓንጋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልደቱ አባት ምንጣፉን እንደታጠፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሶልናል። እናቴ «ለቪካ የሠራሁትን ለሌላ ዘመድ አላደርገውም» ብላ፣ ለእርስዎ መገነዣ እንዲሆን ወስናለች። ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ቀኑ ሲደርስ ግን የምንልክልዎ በራስዎ መርከብ፣ በራስዎ ቁጥር ነው፤ መድረስ አለመድረሱን ለእርስዎ ትተነዋል።