ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሰው

ልጄ የብርጓል፣ የወጣሽበትን በር የጠበቀች እመብርሃን የምትገቢበትንም ትጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጤፉም አሽቷል።

እዚያ አንቺ ዘንድ የማኅበራችንን ሻርፕ የሚወስደው ነጋዴ ከባንግላዲሽ ፋብሪካ ተመሳሳዩን በግማሽ ዋጋ እንደሚያገኝ የጻፍሽውን ለማኅበርተኞቹ አነበብኩላቸው። ሸማኔያችን ገዳሙ ደንግጦ፣ ቶሎ ለማድረስ ሲል በእጅ ፈትላችን ፈንታ የፋብሪካ ክር አስገባበት። ዳሰስኩትና አወቅሁት። «በጥድፊያና በርካሽማ ማን ከማሽን ይቀድማል? እኛን ያስመረጠን ጣታችን ነው» ብዬ አስቀረሁት። እኛ ሴቶቹ እንደገና እንዝርት አንስተናል። በበዓል ግን አንፈትልም፤ አንድ ወር እንዘገያለን።

እባክሽ ልጄ፣ ነጋዴውን እንዳትለማመጪልኝ። ከማርቆስ ፖስታ ቤት ሁለት ሻርፕ ልኬልሻለሁ፤ አንዱ የገዳሙ ጥፋት፣ አንዱ የእኔ ፈትል። ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሳቸው። ከለየ ይጠብቀን። ካልለየ የፋብሪካ ክሩን ስጪውና የእኔን አንቺው ልበሺው፤ አንገትሽን ብርድ አይንካብኝ።

ዕድሜሽን እንደ ድር ያርዝመው።

እናትሽ ወለተ ሐዋርያት