ወደ ኮሪያ የሄደው ስፌት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለገብረ መድህን፣ ስዊድን አገር።

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? የዚያ አገር ብርድ ጉልበትህን አላስቸገረህም ወይ? እኛ ከእማዬ ጀምሮ እስከ ትንሿ ፋናዬ ድረስ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን። የአሰላ ውርጭ ያው የምታውቀው ነው፤ ጠዋት ጠዋት መርፌ ያስጥለኛል።

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። የሸሚዝ ፋብሪካችሁ ተዘጋ፣ ስፌቱ በርካሽ ይሠራል ተብሎ ወደ ኮሪያ ሄደ፣ እኔም አገሬ መግባት አምሮኛል የምትለው ላይ ስደርስ ደረቷን መታች። መንግሥት እየከፈለህ ሌላ ሙያ እንደሚያስተምርህም አነበብኩላት፤ እሱን ግን ጆሮ አልሰጠችውም። ሥራ የሌለው ሰው ምን ይበላል ብላ፣ ቤት እንደተቃጠለበት ሰው የማኅበሯን ሴቶች ሰበሰበችልህ። ከሳጉሬ ያስመጣሁት ገብስ ተቆልቶ በሶ ሆነልህ። የባለሱቁ የሀሰኖ ሚስት ከዲጃ ሳትቀር ቅቤ ይዛ መጣች። አሁን በሶውን ስዊድን የሚያደርስ መንገደኛ እየተፈለገ ነው። እንዳትስቅ፤ እኔም አልሳቅኩም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቻለሁ። ልብስ ስለረከሰ ሰዉ ጥቂት ለብሶ ይጥለዋል ብለህ ጽፈሃል። ያ የተጣለው ቦንዳ ሆኖ ገበያችንን ሞልቶታል፤ እኔ ዘንድ መጥቶ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፍቷል። የቀረኝ የተማሪ ካኪ መስፋትና የሱሪ መቀመጫ መጣፍ ነው። ለእኔ ግን ማን በሶ ፈጨ? ማንስ ደረቱን መታ? አንተ ሳትሠራ ይከፈልሃል፤ እኔ ሀሰኖ በረንዳ ላይ ማሽን ስረግጥ ውዬ ባዶ እጄን እገባለሁ።

በኮሪያዎቹም ቀናሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ይርሳው ኮሪያ ዘምተው የለ? ያኔ የኮሪያዎቹ ልጆች ካምፓችን ደጃፍ ቆመው ትርፍራፊ ይለምኑን ነበር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ታዲያ ስፌት ርካሽ እጅ ፍለጋ ባሕር ከተሻገረ፣ ከእኔ እጅ የረከሰ ከየት አገኘ? አሰላን እንዴት ዘሎ አለፋት? ይህን ሳስብ እንደ እሳት ያንገበግበኛል።

እማዬ ጻፍ ያለችኝ ይኸውልህ። አገርህ ግባ፤ ማሽኑ አባታችሁ የገዛው የሁለታችሁ ነው፤ ጠዋት ወልደጻድቅ ይሰፋል፣ ከሰዓት አንተ ትሰፋለህ ብላለች። እውነቷን ነው፣ የሁለታችን ነው። ቃሏን አድርሻለሁ።

የእኔ ቃል ግን አትምጣ ነው። ማሽኑን ላለማካፈል ነው ብትለኝ አልክድህም፤ እሱም አለበት። ለአንድ ሰው ያልበቃ ሥራ ለሁለት ቢከፈል ግን ሁለታችንም እንራባለን። እዚያው ተቀመጥና ሙያውን ተማር። በሩቅ መቅናቱን ለምጄዋለሁ፤ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ተራ ስትጠብቅ ማየቱን ግን አልችለውም። ይህን ለእማዬ ሳነብላት አገርህ ግባ የሚለው ቃሏ ላይ አቆማለሁ። ስትመልስልኝ የቀረሁት በራሴ ፈቃድ ነው ብለህ ጻፍላት፤ የልጇን መምጫ የዘጋሁት እኔ መሆኔን አትወቅ።

እማዬ ብርቄ ዓይንህን ስማሃለች፤ ጠዋት ማታ ስምህን እየጠራች ትጸልይልሃለች። ባለቤቴ አበባ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች። ፋናዬ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ጋሽ ይርሳው፣ ሀሰኖና ከዲጃ ሰላም ብለውሃል።

ወንድምህ ወልደጻድቅ
አሰላ፣ ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.