ከክሩ ወዲያ

ውድ ጋሼ፣

ጉልበትዎ እንዴት አደረ? ትናንት በስልክ «ከአልጋዬ ወርጄ እስከ መስኮቱ ሄድኩ» ሲሉኝ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን እንደ ወትሮዬ አልጮህኩልዎትም። ነቅተውብኝ «ምን ሆነሻል ፌንጣ፣ ባትሪሽ አለቀ እንዴ?» አሉኝ። «ኔትወርኩ ነው» አልኩዎ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ ፖስታ ቤት ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ነው። በሩ ሲከፈት ከሠራተኞቹ ጋር እኩል ገባሁ። ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ጥበቃ ቢሮ ነው። አዎ፣ «ያንቺ ቦታ እዚያ ነው» ሲሉኝ የኖሩት ቢሮ ጠራኝ። እማዬ ሰምታ እስከ አራተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤቶች በሙሉ አዳርሳለች፤ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ይቅናሽ» አሉኝ። ለእርስዎ ብቻ አልነገርኩም። ለምን እንዳልነገርኩዎ ልጽፍ ነው የቆምኩት። በአፌማ ሦስት እሑድ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ዋሸሁዎት።

በአንድ ትንፋሽ ካልተናገርኩት አልጨርሰውም። ሙሽራዋ ጎጆዋን ካጣች ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኗታል። ጫጩት የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይኸው ተናገርኩት። ጽሑፌ ቢያስቸግርዎ ልጅዎ ታንብብልዎ። ወይም አይ፣ ብቻዎን ቢያነቡት ይሻለኛል።

ያቺን ቅዳሜ መቼም አይረሷትም። ብርዱ ገና ከመሬቱ አልለቀቀም፤ ዛፎቹ ራቁታቸውን ነበሩ፤ ቡቃያው የሚታየው ቀና ብለው ሰማዩን ሲያዩበት ብቻ ነበር። ከመጨረሻው ፌርማታ ወርደን በወንዙ ዳር ስንሄድ እርስዎ እንደ ልማድዎ ከኋላ፣ እኔ እንደ ልማዴ ከፊት ነበርን። የጥርስ ሐኪሙ ጓደኛችን ያንን መድፍ የሚያክል ሌንሱን ተሸክሞ መሀላችን ያለከልካል።

«ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ መስመር አውቶቡስ ነድቻለሁ» አሉ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። «ከአውቶቡሱ ቀድሞ የደረሰ ተሳፋሪ ግን አላየሁም። ይቺ ልጅ ትሞክራለች።»

«ይተዋት ጋሼ» አለ ሐኪሙ፤ «ወፎቹን እየቀደመች ታስፈራራልናለች፣ እኛ የሚበሩትን ፎቶ እናነሣለን።»

ሳቅኩ፤ እግሬ ግን አልቆመም። እርስዎ እጅዎን ባያነሡ ኖሮ አልፌያት ነበር። ቅጠሉን ክረምት ከበጋ በማያራግፈው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር፣ ጭብጥ የምታህል ጎጆ። በውስጧም ቀይ ጉሮሮዋን ያዘነበለች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታልፍ እንጂ ጎጆ ስትሠራ አይተናት የማናውቅ፣ እኛ ሙሽራዋ የምንላት ወፍ። እርስዎ መነጽሩን ከዓይንዎ ሳያነሡ «መጣች» ብቻ አሉ። ድምፅዎ የሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ከኪስዎ ቀይ የሱፍ ክር አውጥተው፣ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ቆጥረው፣ ግንድ ላይ አሰሩ። «ከዚህ ወዲያ የእሷ ቤት ነው። ሰው ቤት ሳይጠሩት አይገባም።» ወደ እኔ ነበር የሚያዩት። ሐሙስ ለጉልበትዎ ቀዶ ሕክምና ሲሄዱ ደግሞ ካሜራዎንና መዝገብዎን ሰጡኝ። «እስክመለስ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውንም ‹አልታየችም› ብለሽ ጻፊ። አንድም ቀን አትዝለይ» አሉኝ። ያን ዕለት ማታ መዝገቡን ገልጬ አነበብኩት። የዘጠኝ ዓመት ቅዳሜዎች፣ ግማሹ ገጽ «አልታየችም»። ዝናብ ሲዘንብ «አልታየችም»፣ ባለቤትዎ በታመሙበት ሰሞን እንኳ «አልታየችም፣ ቶሎ ተመለስኩ»።

እንግዲህ እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ከተመረቅኩ አሥር ወር ሆኖኛል። እርስዎ ፊት እስቃለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ የሌላ ሰው ዲግሪ ስገለብጥ እውላለሁ። ሰዎች ቅጥር ሊወዳደሩ ነው የሚመጡት፤ «ቶሎ በይልኝ እህቴ፣ ረፈደብኝ» ይሉኛል። ማሽኑ ብልጭ ባለ ቁጥር የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው ማዕረግ ይወጣል። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ የራሴን ገልብጬ እልካለሁ፤ አርባ አንድ ቦታ ልኬአለሁ። ማታ ማታ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጥና ከደቂቃ በኋላ መልሼ አቀናዋለሁ። እናቴ «ቁጭ በይ እስቲ፣ አዞርሽኝ» ትለኛለች። መቀመጥ አልቻልኩም፣ ጋሼ። ሕይወት ከአጠገቤ እየተነሣች ያለች፣ እኔን ሳትጭን በሩን የምትዘጋ ይመስለኝ ነበር።

እርስዎ ሆስፒታል በገቡ ማግሥት የቢሮው ማስታወቂያ ወጣ። የመስክ መዝጋቢ፣ አንድ ሰው። አመልካቹ ራሱ ያነሣው የዱር እንስሳ ፎቶ ይያያዝ ይላል። የመጨረሻው ቀን ሰኞ። በእጄ የነበረችኝ አንዲት ቅዳሜ ናት።

ሐኪሙ ሕመምተኛ ነበረበት፤ ብቻዬን ሄድኩ። ከክሩ ኋላ ቆሜ ጠበቅኩ። ሙሽራዋ ተቀምጣለች፤ ነገር ግን ያቺ ቅጠላም ቅርንጫፍ ልክ ፊቷ ላይ ወድቃ ጭራዋንና የጉሮሮዋን ጠርዝ ብቻ ታሳየኛለች። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ነፋስ ቢያነሣልኝ ብዬ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ እርስዎን እያሰብኩ በሆዴ መሟገት ጀመርኩ። «አንድ ቅርንጫፍ ነው። ቁጥቋጦው መቶ አለው።» ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ጀርባ ልትዞር ነበር። ከቦርሳዬ የፎቶ ኮፒ ቤቱን የወረቀት መቁረጫ ምላጭ አወጣሁ።

ክሩን አለፍኩ።

ወፏ በረረች። ቅርንጫፏ በሁለት ጭረት ተቆረጠች፤ እንዴት እንደቀለለች አይጠይቁኝ። ተመልሼ ከክሩ ኋላ ተቀመጥኩና ሰዓቴን እያየሁ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። በአሥራ ሁለተኛው መጣች። ብርሃኑ ጉሮሮዋ ላይ አረፈ። አርባ ፎቶ አነሣሁ። ሐሰት አልጨምርበትም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከተመረቅኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልሄድ ስል ቅርንጫፏን አንሥቼ ወደ ቦታዋ ልመልሳት ሞከርኩ፤ ሌላኛው ቅርንጫፍ ላይ ባስደግፋት ወደቀች፣ ባስደግፋት ወደቀች። ተውኳት። መዝገቡ ላይ «ተቀምጣለች» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ የጻፍኩት እውነት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ከሩቅ አወቅኩ። ሌላው ዛፍ ሁሉ ገና ቅጠል አላወጣም፤ የእሷ ከለላ ያቺው አንዲት ቅርንጫፍ ኖራለች። የከፈትኩት ቀዳዳ ለእኔ ብቻ አልተከፈተም። አንድ ቁራ ከላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስደርስ እንኳ አልሸሸኝም። ጎጆዋ ወደ ጎን ተዘርግፋለች። ከሥሯ ጥፍሬን የምታህል የእንቁላል ቅርፊት አገኘሁ።

እሑድ ደወሉልኝ። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ገና ሳምንትዎ ነበር፤ ድምፅዎ ቀጥኗል። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ራስዎ መድኃኒት አልነበረም።

«ሙሽራችንስ?»

«ተቀምጣለች ጋሼ።»

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! አየሽ መታገሥ?»

ለሌላ ሳምንት እነግራቸዋለሁ፣ እስኪያገግሙ ነው አልኩ ለራሴ። በሚቀጥለው እሑድ ግን «ጊዜው ደርሷል፣ አልተፈለፈሉም?» ሲሉኝ አፌ ቀደመኝና «ሦስት ናቸው» አለ። ሦስት! ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በማግሥቱ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ውሸቱ እንዲገጥምልኝ። ትናንት ደግሞ «አጎራባች አልጋ ያለው ሰውዬ እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል፤ ነርሷም የጫጩቶቹን ፎቶ ካላየሁ መርፌ አልወጋዎትም እያለችኝ ነው፤ ላኪልን እንጂ!» አሉኝ። ያኔ ነው ኔትወርኩ የተበላሸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አላቋረጥኩም። አንዳንዴ ሌላ ቦታ ጎጆ ሠርታ እንደሆነ ብዬ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ እስኪደክመኝ እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት ወንዙ ዳር ካለ አጥር ላይ አየኋት፤ ብቻዋን ናት። ያምኑኛል? ካሜራውን አነሣሁ። እጄ ዓይኔን አልጠየቀውም። ከዚያ አወረድኩትና መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን የመስኮቱ ሠራተኛ አንገቷን አውጥታ «እህቴ፣ ልብ ወለድ ነው እንዴ የምትጽፊው? እስክሪብቶው የመሥሪያ ቤቱ ነው እኮ» አለችኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ሳቁ። «ልጨርስ ነው» አልኳት።

ለቢሮው የላክኩት ፎቶ አለፈ። ሐሙስ የቢሮው የክፍል ኃላፊ ራሷ ደወለችልኝ። «እንዲህ ፊት ለፊት፣ እንዲህ ጥርት ብሎ! ስንት ቀን ጠበቅሽ?» አለችኝ። «ረጅም ጊዜ» አልኩ። ቀጥላም እርስዎን እንደምታውቅ ነገረችኝ፤ በእርስዎ አውቶቡስ ነበር አሉ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው። «የእሳቸው መዝገብ አንቺ ጋ ነው አሉ። ሰኞ ይዘሽው ነይ፤ ዘጠኙን ዓመት ከነዘንድሮው ወደ ማኅደራችን እናስገባዋለን። ያቺ ወፍ እዚህ ጎጆ መሥራቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ጫጩት ካወጣች ደግሞ የወንዙን ዳር የመከለል ጥያቄ እናቀርብበታለን።»

ስልኩን ዘግቼ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ቅርንጫፉን ስቆርጥ አንዲት ወፍ ነው የበደልኩት። ይኸኛው ግን ሌላ ነው። እርስዎ ዘጠኝ ዓመት አንዲት የሐሰት ቃል ያላስገቡበት መዝገብ በእኔ ሦስት ጫጩቶች ሊበላሽ ነው፤ ያልተወለዱት ሦስቱ በእርስዎ ስም የመንግሥት ማኅደር ሊገቡ ነው። ዝም ካልኩ ሥራው የእኔ ነው። እናቴ ደረጃው ላይ ቀና ብላ ትሄዳለች፣ እርስዎም ደስ ብሎዎት ያገግማሉ። የሚያውቅ የለም፤ ቁራውና እኔ ብቻ።

ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ መዝገቡን አወጣሁ። ገጽ አልቀደድኩም። የጻፍኩትን ውሸት እንዲነበብ አድርጌ በአንድ መስመር ሰረዝኩትና ከጎኑ የሆነውን ጻፍኩ። ማን እንደቆረጠ፣ በምን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። የእርስዎ ስም እዚያ ገጽ ላይ የለም፤ እኔ ነኝ ያለሁት። ለኃላፊዋ እንዲሁ ከነስርዙ እሰጣታለሁ።

እሰጣታለሁ እላለሁ እንጂ ራሴን አላምነውም። እርስዎ ያውቁኛል። ሴትዮዋ ወንበር ስባ «ተቀመጪ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብትለኝ፣ ምላሴ እንደዚያ እሑድ ቀድሞኝ ቢሮጥስ? መዝገቡን ከቦርሳዬ ሳላወጣው ብቀርስ? ስለዚህ መንገዱን ከመሻገሬ በፊት ይህን ደብዳቤ እጥላለሁ። ከእጄ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው እውነቱን ሊያውቅ ነው፤ ያም ሰው እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሌላ ታሪክ ባወራ ዋጋ የለውም።

ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ገና ነው። ቢቆጡ ይቆጡ፣ ባይደውሉም ይገባኛል። ነርሷ ግን መርፌውን እንድትወጋዎ ይፍቀዱላት። ካሜራዎ አጠገቤ ነው፤ ጠርጌዋለሁ፣ የጥርስ ሐኪሙ ነገ ለልጅዎ ያደርሳል። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ያለ ካሜራ። ሥራውን ባገኝም ባላገኝም እሄዳለሁ፤ ከሚታየኝ ሌላ አንዲት ፊደል አልጨምርም።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀረው። ሠራተኛዋ «በመደበኛው ነው በፈጣኑ?» አለችኝ። «በፈጣኑ» አልኳት። እጇን በመስኮቱ ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው።

ዓይንዎ የነበረችው፣
ፌንጣ