ጭቃ የማይፈራው ጎማ

ጋምቤላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የመጣው የጎማ ሻጭ ዛሬ ማንነቱን አሳየን። «ለገጠር መኪናና ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጭቃ አይፈራም» እያለ አለቃችንን ሲደልል ሰንብቶ የክሊኒካችንን መኪናና የተሳቢውን ጎማ አስቀየረ። ዛሬ ምጥ የጠናባትን ሴት ከአቦቦ ልናመጣ ስንነሣ እሱም ጎማውን ሊያስመሰክር ተከተለን።

ሴትዮዋን ተሳቢው ላይ አስተኝተን ስንመለስ ሾፌራችን ኦባንግ፣ «ጌታዬ፣ ዋልካው ውሃ ጠጥቷል። በላይ በኩል እንዙር» አለ።

ሻጩ ሳቀበት። «አንተ ስለ ጎማ ምን ታውቃለህ? ንዳ!»

ለክሊኒኩ ጥቂት ሲቀረን መኪናው ከነተሳቢው እስከ ወገቡ ሰመጠ። ኦባንግና ሦስት የመንደር ሰዎች ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው፣ እኔ እጇን ይዤ፣ እስከ ክሊኒኩ በእግር ሄድን። ሻጩ ጫማው እንዳይቆሽሽ ከመኪናው አልወረደም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወለደች።

ማምሻውን ሻጩ ለአለቃችን፣ «የኔ ጎማ ባይኖር ሴትዮዋ አትተርፍም ነበር» ሲለው ሰማሁ። ያም ሞኝ አመሰገነው። አጠገቤ የቆመው ኦባንግ እውነቱን እንድናገር እየጠበቀ አየኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሁለቱን ስንቅ ውዬ ሦስተኛው ራሴ ሆንኩ።