በሩ ቢንኳኳ ግን

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እኅቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺም፣ አልጋ ላይ ያለው ወንድሜ ባልሽም፣ ከትናንቱ የቀለለ ቀን ላይ እንድትገኙ ምኞቴ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ደረጃው ዛሬም ያስመርርሻል? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ እግሬ ይራመዳል፣ ዓይኔ በመነጽር ያነብባል፣ እጄም እንደምታዪው ብዕር ይጨብጣል። ስለ ቀረው አካሌ ወደ ታች እነግርሻለሁ፤ የደብዳቤው ጉዳይ እሱው ነውና።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ በፖስታ መላክ ሳያስቅብኝ አይቀርም። ነገር ግን ከስልኩ ግሩፕ ወጥተሻል፤ ለብቻሽ የላክሁት መልእክትም አልደረሰሽም። ልጄ ስልኩን አየችና «አባዬ፣ ብሎክ አድርጋሃለች እኮ» አለችኝ። የቃሉን ፍች ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አላስፈለገኝም። አልተቀየምሁሽም፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ አደርግ ነበር። እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ ብቻ እለምንሻለሁ፤ ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለእርሱ ስትዪ።

የድሮው የሙዚቃ ቡድናችን ድራመር ያንን ግሩፕ ከፍቶ «የተሰነጠቁ ሸክላዎች» ብሎ ሲሰይመው እንዴት እንደ ሳቅን ታስታውሻለሽ። የድሮ ጓደኞች በስተርጅና የተገናኘንበት ሳሎን እሱ ሆነ። ማለዳ አንዱ የድሮ ዘፈን ይልካል፤ ሌላው የት እንደ ሰማው፣ ከማን ጋር እንደ ጨፈረበት ይጽፋል። ፋርማሲስቷ ገና ቁርስ ሳይበላ የፍቅር ዘፈን ስትለቅ፣ ድራመሩ «ኧረ እመቤት፣ ይህን ያህል ፍቅር በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል፤ አንቺው የመድኃኒት ሰው አይደለሽም እንዴ?» ይላታል። የእኔ ድርሻ አስተያየት መጻፍ ነበር። ለቡድናችን ግጥም ስጽፍ፣ ማተሚያ ቤት ደግሞ እርማት ሳነብ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ በስልክም ቢሆን ዓረፍተ ነገሬን ሳልዘጋ አልልክም፤ ስለዚህም «አራት ነጥብ» ተባልሁ። ስሙን ያወጣልኝ ባልሽ ነው። «ይህ ሰው አራት ነጥብ ሳያደርግ ነፍሱም አትወጣም» ብሎ የጻፈ ቀን ለብቻዬ ስስቅ ልጄ ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች።

እኅቴ፣ አሁን ልንገርሽ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አልሰማም።

በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፤ ቀጥሎ የበሩ ደወል፤ ከዚያም የሰው ንግግር ከግድግዳ ማዶ እንዳለ ሆነብኝ። ሐኪሙ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሰጥቶኝ ነበር፤ ንግግሩን ሁሉ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ያደርገዋል። ሙዚቃውንማ ተዪው። ከመሳቢያ ከተትሁት። ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ ቀስ ብላ ስታወራ ከከንፈሯ አነብባለሁ፤ ሌላውን እየገመትሁ እኖራለሁ።

ታዲያ ግሩፑ ላይ ያ ሁሉ አስተያየት ከየት መጣ ትዪኝ ይሆናል። ዘፈን ሲላክ ርዕሱ አብሮ ይጻፋል። ርዕሱን ካነበብሁ ዜማው ከውስጤ ይነሣል፤ እኛ የተጫወትነው፣ የተጣላንበት፣ የታረቅንበት ዜማ አይደለም እንዴ? «ሁለተኛው አዝማች ላይ ክላርኔቱ እንዴት ሾልኮ እንደሚገባ ልብ በሉልኝ» ብዬ እጽፋለሁ። እናንተም «ጆሮ ማለት የአንተ ነው!» ትሉኛላችሁ። ያንን ሙገሳ ማጣት ፈራሁ። ደንቆሮ ሽማግሌ ዘፈን መለዋወጫ ግሩፕ ውስጥ ምን ይሠራል? ድምፅ ሲላክ ስልኩ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከፍ ዝቅ የምትል መስመር አለች አይደል? እሷን እያየሁ «እዚህ ጋ ይጮኻል፣ እዚህ ጋ ይረጋል» ማለትም ለምጄ ነበር። የእርማት አንባቢ ልማድ ሆኖብኝ ያገኘሁትን መስመር ሁሉ አነብባለሁ።

ያን ዕለት የአንቺ ድምፅ መጣ። ርዕስ የለውም። ከሥሩ «የእሱ ነገር ነው። እባካችሁ ስሙትና መልሱልኝ» ብለሻል። ባልሽ ለሁለት ሳምንት ያህል አልጻፈም ነበር፤ «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው» ብለሽን ነበር፤ መታመሙን ማናችንም አናውቅም። «የእሱ ነገር» የሚለውን ሳነብ የድሮ ሳክስፎኑን ያስቀረጽሽው መሰለኝ። መስመሯን አየሁ፤ ከፍ ዝቅ ትልና መሃል ላይ ረዘም ያለ ባዶ አለ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ሞገድ ትቀጥላለች። መልስ መጻፍ ጀመርሁ፤ ምን ብዬ እንደ ጻፍሁ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም ከጻፍሁት እንዳላመልጥ እዚህም እደግመዋለሁ፦ «ጊዜ ያልነካው እስትንፋስ! ሳክስፎኑ እንደ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁት። መሃል ላይ የጣለው እረፍትማ ከዜማው ይበልጣል። እንደገና፣ አሁንም እንደገና ይለቀቅልን።» በአራት ነጥብም ዘጋሁት።

ድራመሩ «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» አለ። ፋርማሲስቷ «ጋሼ ምን ነካህ? ኧረ አጥፋው!» ብላ ጻፈች። እኔ ግን ሙዚቃ ላይ የተጣሉኝ መስሎኝ «ጣዕም አያከራክርም» ብዬ መለስሁ። ወዲያው ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ስምሽ በራ። ደጋግመሽ ደወልሽ። ባነሣው ምን እሰማለሁ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እየተንገዳገደ እስኪቆም አየሁት። ከዚያ «ከግሩፑ ወጥታለች» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ስልኩን ሰጠኋትና ሰዎቹ ምን እንዳሉኝ እንድታይልኝ ጠየቅኋት። አዳመጠች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አጠገቤ ተቀምጣ አገጬን በእጇ ወደ ራሷ አዞረችና «አባዬ፣ ሙዚቃ አይደለም» አለችኝ። ያልሽውን ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል አቀበለችኝ። ደም ሥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ መዘጋቱን፤ ቀኝ እጁና ምላሱ መታሰራቸውን፤ አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶት ሳለ አንድ ዜማ ግን ሲያንጎራጉር መዋሉን፤ የንግግር ሐኪሟ «ቃል አንዳንዴ በዜማ ታዝሎ ይመለሳል፤ የዘፈኑን ግጥም ፈልጊና አብረሽው ዝፈኚ» ማለቷን፤ አንቺ ግን ዘፈኑን ከቶ አለማወቅሽን። «ከእናንተ መሃል የሚያውቅ ካለ፣ በተለይ አራት ነጥብ፣ ግጥሙን ስጡኝ» ማለትሽን። ያወደስሁት እረፍት መናገር አቅቶሽ ያለቀስሽበት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ የእሱ ማንጎራጎር ነበር።

እዚህ ላይ ይቅርታ የሚለውን ቃል ብጽፈው ቀላል ሆኖ ታየኝ፤ ተውሁት።

ሌሎቹ ዜማውን እንደማያውቁት ጽፈዋል። ድራመሩ «ከእኛ ዘፈኖች አይደለም» አለ። እኔ ደግሞ ልሰማው አልችልም። ልጄን አንድ ነገር ለመንኋት፦ ማንጎራጎሩን እየሰማች በጣቷ ክንዴ ላይ እንድትመታልኝ፤ ረዥሙን ረዥም፣ አጭሩን አጭር አድርጋ። መታችው። ስድስት፣ ስድስት። ዐረፈች። ስድስት፣ ስድስት። ዕድሜ ልኬን ስንኝ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝና ቤቱ ወዲያው ገባኝ፤ ግን በዚያ ልክ የተገጠመ ዘፈን ስፍር ቁጥር የለውም። አራተኛው ስንኝ ላይ ስድስት መታችና ጣቷን አነሣች። «ምነው? ቀጥዪ እንጂ» አልኋት። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ያቆማል። ከዚያ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለቴም እዚሁ ጋ ነው ያቆመው» አለች።

ያን ጊዜ አወቅሁት። በዓለም ላይ እዚያ ቦታ ላይ የሚቆም ዘፈን አንድ ብቻ ነው፤ ያቆምሁትም እኔ ነኝ።

ከአናጢው ሱቅ ጀርባ ያለችውን የልምምድ ክፍላችንን ታስታውሻታለሽ፤ የእንጨት ብናኝ ሳክስፎኑ ውስጥ እየገባ ባልሽ የሚያስነጥስባትን። የባሕር ማዶው ሆቴል ለሙዚቃ ቡድኑ ሰው ይፈልግ በነበረበት ክረምት ነው። አናጢውን እንዳይረብሽ የሳክስፎኑን አፍ በጨርቅ ወትፎ ይህን ዜማ ተጫወተልኝና «ቃል ስጠኝ» አለኝ። የቱን ቃል እንደሚጠይቀኝ ገባኝ፤ ግጥሙንም፣ ሊሄድ መሆኑን ለማንም አለመናገሬንም። ሁለቱንም ሰጠሁት። ግጥሙን ግን ጎዶሎ አድርጌ ነበር። ይኸውልሽ፦

ጠርቶኝ ነው መንገዱ፣ እኔ አልጠራሁትም፤
ልብሴን ይዤ ስሄድ፣ ልቤን አልያዝሁትም፤
መብራቱን አጥፊና፣ ተኚ ሳትጠብቂኝ፤
በሩ ቢንኳኳ ግን…

እዚህ ላይ ያልቃል። በየቀኑ ይመጣና «መጣልህ?» ይለኛል። «አልመጣልኝም» እለዋለሁ። «በግማሽ ስንኝ ሰው አይሰናበትም፤ ሳታስጨርሰኝ አልሄድም» እያለ ይስቃል። ከሆቴሉ ጋር የተዋዋለው ቀን አለፈ። አንድ ማታ ዝናብ እየጣለ መጣ፤ አልጋዬ ሥር የከረመ ሻንጣውን ጎትቶ አወጣና «ሰነፍ ገጣሚ!» ብሎ ትከሻዬን መትቶኝ ሄደ። ያን ማታ ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ስታዪው «ከልምምድ ነው» እንዳለሽ ቆይተሽ በሳቅ አጫውተሽኛል። እኔም አብሬሽ ስቄ ነበር።

ከዚህ በላይ ብዙ ትጠይቂኝ ይሆናል። የምትጠይቂው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመልስበት ምላስ የለውም፤ ስለዚህ ነው ሌሊቱን ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጬ ያደርሁት። ግጥሙን ብነፍግሽ ቃሉ በደረቱ ተቀብሮ ይቀራል። ብሰጥሽ የምታነብቢው ይህ ነው። ሰጠሁሽ። አጥፍቼ ከሆነ ፍረጂብኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ከዘፈነው ዘፈን ሁሉ ያልተጨረሰውን መርጦ የሚያንጎራጉረው ለመሄድ ነው ብለሽ አትውሰጂብኝ። እኔ እንደማስበው እየመጣ ነው፤ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል።

ግማሹን ስንኝ ያስቀረሁት ቃል አጥቼ አልነበረም። የጨረስሁለት ቀን ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ይህን ሳይነግሯት ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ አንቺ የዘፈንሽው ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ሁልጊዜ ማዕድ ቤት ሥራ ይገኝላት ነበር። ይህን እዚሁ ልተወው።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። በግራ እጁ በኩል ተቀመጪ፤ የሚሰማው እጁ እሱ ነው። ሳትቸኩዪ ዝፈኚለት፤ ዜማውን ከእሱ ተምረሽዋል፤ ቃሉን ከእኔ ውሰጂ። «በሩ ቢንኳኳ ግን» ላይ ስትደርሺ ዝም በዪ። አትርጂው፤ ቃሉ እስኪወጣለት ጠብቂው። የቀረውን ስድስት ቀለም አሁንም አልጻፍሁትም፤ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ ቦታው የእሱ ነው። ዛሬ ባይል ነገ ሞክሪ። ቤት ባይመታም፣ ቢንተባተብም፣ ስድብም ቢሆን ግድ የለም።

አንድ ቃል ካወጣ ግን እባክሽ ጻፊልኝ። አትደውዪልኝ፤ በድምፅም አትላኪልኝ። በእጅሽ ጻፊው፤ እሱ እንዳለው አድርገሽ፣ የተሰበረውን ከነስብራቱ። እኔ የምሰማው እንዲህ ብቻ ነው።

ፈጣሪ ምላሱን ይፍታለት፤ ለአንቺም ጉልበትና እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ቤታችሁን ከክፉ ይጠብቅ። ልጄ እጅ ነስታለች። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ፖስተኛው በሚያልፍበት መስኮት ዘንድ ተቀምጫለሁ።

የሁለታችሁም የሆነ፣
ወንድምሽ