ቸርኬው ውስጥ የደረቀው ጭቃ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

መኪናዋን የሚያንቀጠቅጣት ነገር ዛሬ ተገኘ። ጋሽ ሎምቤቦ፣ መካኒኬ፣ ሦስት ሳምንት ለፉባት። ኩሽኔታ ቀየሩ፣ የሞተሩን ጎሚኒ ቀየሩ፤ ፍጥነት ስጨምር መሪው ያው መንቀጥቀጥ ነው። መጀመሪያ ቀን "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "እንጃ፣ አሮጌ ስፖርት መኪና አይደለች?" አልኳቸው። ቀኑን ግን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ዛሬ የፊት ጎማውን ፈቱና እጃቸውን ቸርኬው ውስጥ ሰደዱ። እንደ ድንጋይ የደረቀ ጭቃ በካቻቢቴ እየፈነቀሉ አወጡ። ለካ ጎማውን በአንድ ጎኑ አክብዶት ነው የሚያንቀጠቅጣት።

"ይኼ ጥቁር ጭቃ የእኛ የሆሳዕና ከተማ አይደለም። የት ገብተህ ነው?"

"ቦኖሻ። ለአባቴ ቀብር ሄጄ።"

ያን ቀን ቦኖሻ ልገባ ስል መኪናዋ ሆዷ መሬት ነክቶ ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረች። አንድ ባለሞተር ቆሞ "ና፣ ላድርስህ" አለኝ። መኪናዬን መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም አልኩት። ምን ነክቶኝ ነው? ስደርስ ሰዉ ከመቃብሩ እየተመለሰ ነበር።

ጋሽ ሎምቤቦ ካቻቢቴውን አስቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ።

"አልሰማሁም እኮ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናህ። እንኳንም ለቀብሩ ደረስክለት።"

"አዎ" አልኳቸው።